እሁድ እንግዳ፣ ሐሙስ ባለሜዳ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ቀኑን እስከ ዛሬ የማልረሳው ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ስላሸነፉ ብቻ አይደለም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የነበረውን ክርክርም ስለማልረሳው ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች አንዷ ውስጥ ነበርን። ወንበር ያገኘው ተቀምጦ፣ ያላገኘው የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ፣ እኔና ጓደኛዬ ደግሞ በሩ ላይ ተለጥፈን ነው ያየነው። ፊሽካው ሲነፋ ሰው ተቃቀፈ፣ ጮኸ፣ ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ብርጭቆም ተሰበረ (ባለቤቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት)። ከዚያ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

አንደኛው ወገን «ቡድኑ ተሻሽሏል» ባይ ነው። ሌላው «ኧረ ተወን! ሳላህ የሌለበት ግብፅ ግብፅ ነው እንዴ?» ባይ። እናላችሁ፣ ደስታው ወደ ሙግት ተለወጠ። አገሩን አስር ዓመት ያላየ ሰው ድንገት ቢገባ የተሸነፍነው እኛ ይመስለው ነበር።

እኔም ጣልቃ ልገባ አፌን ስከፍት አንዱ ዞር ብሎ «እህቴ፣ አንቺም ኳስ ታያለሽ እንዴ?» አለኝ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ከኋላው ቆሜ ጆሮው ሥር ስጮህ ቆይቻለሁ እኮ! ይሁን፣ ይህንን ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ያን ቀን ያላስጨረሰኝን ነገር ግን ዛሬ እዚህ ልጨርሰው።

መጀመሪያ «ሳላህ የለም» ባዮቹን ላንሳ፤ ክርክራቸው ስለሚያናድደኝ። እውነት ነው፣ ሳላህ አልነበረም። ግን ያ የግብፅ ቡድን ከአራት ወር በፊት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በመለያ ምት ብቻ በሴኔጋል የተሸነፈ ነው። አንድ ሰው ስለቀረ የሰፈር ቡድን አይሆንም። ሁለቱም ጎሎች የገቡት በመጀመሪያው አጋማሽ ነው፤ የዳዋ ሆቴሳ እና የሽመልስ በቀለ። ሽመልስ ደግሞ ራሱ በግብፅ ሊግ ለዓመታት የተጫወተ ልጅ ነው፤ ተከላካዮቹን እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል። ያን ቀን የኛ ልጆች ኳሷን ሲቀባበሉ ላየ ሰው «ዕድል ነው» ማለት ስንፍና ነው። ስንሸነፍ «አቅማችን ይኸው ነው»፣ ስናሸንፍ «ዕድል ነው» የሚል ሰው ስለ ኳስ እያወራ አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

ታዲያ ተሻሽሏል? እዚህ ላይ ደግሞ ከወገኖቼ ጋር ልጣላ ነው።

ከዚያ ሐሙስ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ እሁድ ግንቦት 28፣ ይኸው ቡድን በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፏል። ያው አሰልጣኝ፣ ያው ቡድን፣ ያው ሜዳ። በአራት ቀን ውስጥ ምን ተሻሻለ? ሆቴል ተኝተው ተነሡ፣ በላተኛ በሉ፣ ልምምድ ሠሩ፤ ሌላ ምን ጊዜ ነበራቸው? ያን ቀን ቤቱን ከሞላው ሰው አንድም ይህንን የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

የእኔ ግምት ምንም አልተሻሻለም ነው። ቡድኑ እሁድም ሐሙስም አንድ ነበር። ውበቱ አባተ የሠራው ቡድን ኳስ መሥርቶ፣ ከኋላ ጀምሮ፣ እየተቀባበለ መውጣት የሚወድ ነው። ሊያሸንፈው ክፍት ሆኖ የመጣ ቡድን ሲገጥመው ያምርበታል። ጠብቆ፣ ቀምቶ የሚሮጥ ሲገጥመው ይቸገራል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ከካሜሩን ጋር ሲጫወት አላያችሁም? ገና በ4ኛው ደቂቃ ዳዋ አስቆጠረና አገር በደስታ አበደ፤ ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። መጀመር እንችላለን፤ መጨረስ ነው የጠፋብን። ስለዚህ ግብፅን ያሸነፍነው ተሻሽለን ሳይሆን የምንችለውን ነገር የሚመች ቀን አግኝቶት ነው። ይህ ደግሞ ስድብ አይደለም። የምትችለው ነገር ከሌለህ የሚመች ቀንም አይጠቅምህም።

አሁን ኑዛዜ። ያኔ የጋዜጠኝነት ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት የቀረኝ፣ ለልምምድ አንድ ኤፍኤም ጣቢያ የተመደብኩ ተማሪ ነበርኩ። በማግሥቱ አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። የጻፍኩት ርዕስ «ዋልያዎቹ ተመልሰዋል» የሚል ነበር። ተነበበልኝ! እናቴ ሰማችኝ፣ የሰፈር ሰው ሰማኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከመሬት ከፍ ብዬ ነው የሄድኩት። ዛሬ ሳስበው ግን ከየት ነው የተመለሱት? ወደ የትስ ነው? ከዚያ ድል በኋላ በዚያ ምድብ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። ጊኒ ሁለቴ ረታችን፤ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2። ከማላዊ 0 ለ 0 ተለያየን። ግብፅም በተራዋ 1 ለ 0 አሸነፈችን። ስድስት ጨዋታ፣ አራት ነጥብ። ሦስቱ የዚያች የሐሙስ ናቸው።

ርዕሱን ስጽፍ የደረጃ ሠንጠረዡን አላየሁም ነበር። ማየት አልፈለግሁም ብል ይቀላል።

ይህንን በሽታ ግን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የወረስኩት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ገና ልጅ ነበርኩ። በመጀመሪያው ጨዋታ እዚያው ሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ሁለት ጎል ብቻ በቂያችን ነበር። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። አባቴ፣ በሕይወቱ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ አውጥቶ የማያውቀው አባቴ፣ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ሲጨፍር አየሁት። አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻው ላይ ሰቀለኝ። ከዚያ ከፍታ ላይ ያየሁት የሰው ብዛት ነው ኳስ ያስወደደኝ፤ የጨዋታውን ሕግ እንኳ አላውቅም ነበር።

የዚያ ዓመት ድል ደግሞ የእውነት ነበር። ሰውነት ቢሻው የሠሩት ያ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን በ10 ሰው 1 ለ 1 ያዘ። ቀጥሎ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈና ተመለሰ። ግን ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ የዓለም ዋንጫን በር አንኳኳ። ያኔ «ተሻሽሏል» ያለ ሰው አልተሳሳተም። ከጥቅምት እስከ ሰኔ፣ ጨዋታ በጨዋታ ላይ እየተደራረበ የመጣ ነገር ነበረ።

ምን ሆነ ታዲያ? ደስታው ሳይበርድ ከፊፋ ዜና መጣ። ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን ስናሸንፍ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የሌለበት ተጫዋች ተሰልፏል ተባለ። ሦስት ነጥባችን ተነጠቀ፤ ውጤቱ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተጻፈ። እንደ ምንም ምድቡን አንደኛ ሆነን ጨረስን እንጂ አገሩን ሙሉ ሊያስለቅስ የነበረው አንድ እስክሪብቶና አንድ ደብተር ነበር። ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ሰው ጠፋ ማለት ነው! ሜዳ ላይ ያሉት 11 ልጆች ተሻሽለው ቢሮ ያለው ሰውዬ ባለበት ከቆመ፣ «ቡድኑ ተሻሽሏል» ስንል የትኛውን ቡድን ነው?

ወደዚያች ቤት ልመልሳችሁ። ክርክሩ ሲግል ጥግ ላይ ቡናቸውን የሚጠጡ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አንድ አባት ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው ሁላችንም። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል ስታዲየም እንደነበሩ ይናገራሉ። ልጅ ሆነው በሰው እግር መሐል ሾልከው ገብተው። እውነት ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው፣ እኛ ግን እናምናቸዋለን። ሁሉም ሲጮህ ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ «ልጆች፣ ይሄ ጨዋታ የት ነው የተደረገው?» አሉ።

«ማላዊ ነው ጋሼ፣ ሊሎንግዌ።»

«የማን ሜዳ ነው?»

«የኛ... ማለት ባለሜዳ እኛ ነን።»

«እሁድስ?»

እሁድ በዚያው በቢንጉ ስታዲየም እንግዳ ነበርን። ሐሙስ ባለሜዳ ሆንን። ሜዳው ያው፣ ሣሩ ያው፣ ወንበሩ ያው፤ የተቀየረው ሰሌዳው ላይ የስማችን ቦታ ብቻ። ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ አንዱ ቀልድ ወረወረና ሁሉም ስቆ ክርክሩ ቀጠለ። የጋሼ ጥያቄ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ካፍ ሜዳዎቻችን ደረጃቸውን አያሟሉም ካለ በኋላ ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለዓመታት «የሜዳችን» ጨዋታ የሚባለውን በሰው አገር ነው ያደረግነው። ጋናን በጆሃንስበርግ። ግብፅን በሊሎንግዌ። ጊኒን በሞሮኮ። ታንዛኒያን በኪንሻሳ። አዲስ አበባ ላይ አደይ አበባ የሚባል 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ግንባታው ከተጀመረ ዓመታት ሲቆጠሩ፣ እኛ ከጎኑ በታክሲ ስናልፍ አንገታችንን አዙረን እያየን ነው ያደግነው።

«ሜዳ ጎል አያገባም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። በሜዳችንም ተሸንፈናል፤ ጥቅምት 2006 ላይ ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጥታ 2 ለ 1፣ መስከረም 2014 ላይ ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር መጥታ 3 ለ 1 ረትታናለች። ስታዲየም ቢኖረን ኖሮ ጊኒን እናሸንፍ ነበር አልልም። የምለው ሌላ ነው። ትንሹ ወንድሜ የኤምሬትስ ስታዲየም ወንበር ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ ያውቃል። አርሰናል ሲሸነፍ እራት አይበላም። ዋልያን ግን በአካል አይቶ አያውቅም። ትከሻ ላይ የሚሰቅለው ሰው አልነበረም፤ ሰልፍ የለም፣ ባንዲራ የለበሰ ከተማ የለም። ዋልያ ለእሱ ስክሪን ላይ ያለ፣ ባዶ ወንበር ፊት የሚጫወት፣ ብዙ ጊዜ የሚሸነፍ ቡድን ነው። «ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም?» ብለን ስንከራከር ስልኩን ይነካካል። ያን ቀን እንኳ ግብፅን አሸነፍን ስለው «የወዳጅነት ነው?» ነበር ያለኝ።

በነገራችን ላይ ለተጫዋቾቹም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጎል አስቆጥረህ ወደ ደጋፊህ ልትሮጥ ስትል ደጋፊህ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ አራት ኪሎ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ከባድ ጨዋታ ሲሆን ከመጨረሻው ሩብ ሰዓት ማን ነው የሚያሻግርህ? ካሜሩን ላይ የጎደለን ያ ይመስለኛል አንዳንዴ። ማረጋገጫ የለኝም፤ ግምት ነው።

ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፍን። ያንኑ ኮንጎን፣ ቀድማ ያለፈችውን። እኛ ደግሞ ቀድመን የወደቅነው። በዚያ ምድብም ስድስት ጨዋታ፣ አራት ነጥብ፤ ሦስቱ የዚያች ቀን። ቁጥሩ መደጋገሙን ስታዩ አይገርማችሁም? በማግሥቱ ያችው ቤት ሄድኩ። ሳጥኖቹ አሉ፣ ባለቤቷ አለች፣ ጋሼ አልነበሩም፤ ጉንፋን ይዟቸዋል ተባለ። አንዱ ልጅ ገና እንዳየኝ «ጋዜጠኛዋ! ተሻሽሏል አይደል?» አለኝ። (እህቴ ማለቱን ትቷል፤ ይህ መሻሻል ነው።)

«ቀጣዩ ጨዋታ ከማን ጋር ነው?» አልኩት።

«መጋቢት ላይ፣ ከግብፅ። በሜዳችን።»

«የት?»

አያውቅም ነበር። መጋቢት ደረሰ፤ ካዛብላንካ ሆነ። ግብፅ 2 ለ 0 አሸነፈች። ሳላህ ነበረ፣ አንዱን ያገባው እሱ ነው። ወንድሜ ያን ቀን አብሮኝ ተቀምጦ አየ፤ ከዕረፍት በኋላ ግን ስልኩን አወጣ።