ትንሹን ዕቃ የሚሸጥ ገበያ የጥበብ ትምህርት ቤት ነው

ጥበብ በትምህርት ቤትና በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የእጅ ጥበብ የሚጀመረው ተማሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕቃ በእጁ ይዞ ለመመርመርና በትንሽ ገንዘብ ለመግዛት በሚችልበት ስፍራ ነው። ብራና መፋቅ፥ ቀለም መበጥበጥ፥ ብርዕ መቅረጽ የማያውቅ ጸሐፊ ፊደሉ ቢያምርም ሙያው ጎደሎ መሆኑን ሊቃውንቱ ያውቁታል። በኤሌክትሪክ ጥበብም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በአውሮጳ አቆጣጠር ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄደው ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚባለውን መጽሐፍ ስለ ጻፉ፥ የዚያ ሕዝብ ትጋት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ያች አገር ከዚያ ወዲህ በጦርነት ተቃጥላ እንደ ገና ተሠርታለች። በዚህም ሥራ አኪሃባራ የሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ድርሻ ነበረው፤ ታሪኩም ለገበያ አስተዳዳሪ ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ በ1945 ካበቃ በኋላ በዚያ ሰፈር መንገድ ዳር ነጋዴዎች የራዲዮ ክፍሎችን መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። በ1907 የተመሠረተው፥ ዛሬ የቶኪዮ ዴንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ስለ ነበረ፥ ተማሪዎቹ ክፍሎቹን ለየብቻ እየገዙ ራዲዮ ይገጣጥሙ ነበር። ሕዝቡ ወሬ ለመስማት ይሻ ነበርና፥ ያለቀለት ራዲዮም ውድ ነበርና፥ የገጣጠሙትን ገዢ አያጣውም ነበር።

በ1949 አገሩን ይዞ የነበረው የጦር ባለ ሥልጣን የመንገድ ዳር ንግድ እንዲነሣ አዘዘ። መንገድ ለመንገደኛ ነውና ትእዛዙ ምክንያት የሌለው አልነበረም። ሆኖም ነጋዴዎቹ አቤት ስላሉ ተበትነው አልቀሩም፤ ባቡር ከሚያልፍበት ከፍ ካለው ድልድይ በታች ስፍራ ተገኘላቸውና በጠባብ ሱቆች ተሰበሰቡ። ራዲዮ ሴንተር የሚባለው ገበያ እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛል። ስለዚህ መንገዱም ጸዳ፥ ሙያውም አልጠፋም።

እንዲህ ካለው ገበያ የሚገዛ ጀማሪ የሚማረው ነገር ብዙ ነው። አንድ ልጅ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ ኤል ኢ ዲ የሚባለውን ትንሽ ቀይ መብራት ለማብራት ቢያስብ፥ አስቀድሞ ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልገዋል። መብራቱ ወደ 2 ቮልት ያህል ይወስዳልና 7 ቮልት ይተርፋል። በመብራቱ የሚያልፈው ኃይል ከ20 ሚሊአምፔር እንዳይበልጥ 7ቱ ለ0.02 ሲካፈል 350 ይሆናል፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ ካሉት ከተለመዱት መጠኖች አንዱን፥ የ390 ኦም ረዚስተር ይፈልጋል። መጠኑ በዕቃው ላይ በቀለም ቀለበት ተጽፏል፤ ብርቱካንማው 3፥ ነጩ 9፥ ቡናማው አንድ ዜሮ መጨመርን ያመለክታል። ረጅሙ የመብራቱ እግር ከባትሪው ፖዘቲቭ በኩል መግጠም እንዳለበት፥ የኃይል ማጠራቀሚያ የሆነው ኮንደንሰርም አንዳንዱ ዓይነት ተገልብጦ ቢገጠም ሊፈነዳ እንደሚችል ከሻጩ ይሰማል። ዋጋው ጥቂት የሆነ ዕቃ ለመግዛት የመጣ ልጅ ሒሳብንም ጥንቃቄንም ገዝቶ ይመለሳል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ከልጆች ጨዋታ አልፎ አገርን የሚጠቅም መሆኑ በ1976 ታይቷል። በዚያ ዓመት ኤን ኢ ሲ የሚባለው ኩባንያ ቲኬ-80 የተባለ፥ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የኮምፒዩተር ማስተማሪያ በ88,500 የን አወጣ። የታሰበው ለመሐንዲሶች ነበር፤ ነገር ግን ስለ ፍቅሩ ብቻ የሚሠራ ብዙ ሰው ገዛው። ኩባንያውም በዚያው ዓመት በአኪሃባራ ራዲዮ ካይካን በሚባለው ሕንፃ ውስጥ የገዢዎች ጥያቄ የሚመለስበት ስፍራ ከፈተ። በ1979 ያለቀለት ፒሲ-8001 ኮምፒዩተር ለሽያጭ ሲቀርብ፥ ምን እንደሚሠራበት የሚያውቅ ሕዝብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ዛሬ ግን እንዲህ ያሉት ሱቆች እያነሱ ሄደዋል። ሰፈሩ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሥዕላዊ ታሪክና በጨዋታ ዕቃ ነጋዴ እየተሞላ መጥቷል፤ ራዲዮ ስቶር የሚባለውም የክፍሎች ገበያ ከስድሳ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በ2013 ተዘግቷል። ዕቃው በትእዛዝ እስከ ቤት ስለሚመጣና አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ስለሚቀል ሱቁ መዘጋቱ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። ነገራቸው በከፊል እውነት ነው፤ ነጋዴንም እየከሰርህ ሽጥ ብሎ ማስገደድ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን በትእዛዝ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ስሙን አስቀድሞ ያወቀውን ዕቃ ነው። ስሙን ገና የማያውቅ ጀማሪ ጠይቆ የሚረዳበት፥ የተቃጠለ ክፍል ይዞ መጥቶ ለምን እንደ ተቃጠለ የሚሰማበት ስፍራ ከጠፋ፥ ተተኪ ባለ ሙያ ከየት ይመጣል? አሮጌው ሻጭ በሞተ ጊዜ ዕውቀቱን የሚወርሰውስ ማን ነው?

ስለዚህ ሰፈር የሚያድስና ኪራይ የሚወስን ሹም፥ በየትም አገር ቢሆን፥ የአንድን ገበያ ጥቅም በሚከፍለው ግብር ብቻ ሊመዝነው አይገባም። ሥርዓት የሚያስፈልግ ከሆነ ሥርዓት ይደረግ፤ ጠባቡ ሱቅ መነሣት ካለበት ግን፥ ከባቡሩ ድልድይ በታች እንደ ተደረገው፥ የሚዛወርበት ስፍራ አስቀድሞ ይታሰብለት። ትልቅ ሱቅ ገንዘብ ያለው ሰው በፈለገ ጊዜ ይከፍተዋል፤ ለአንድ ልጅ አንዲት ረዚስተር እየሸጠ የሚያስተምር ሰው ግን አንድ ጊዜ ከተበተነ በትእዛዝ አይሰበሰብም።