የሚያስተኛው መርፌ ስለ ምን ያቃጥላል?

በአዴትም ሆነ በቡሬ፤ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በዙሪያው ባለው ገጠር፤ ለቀዶ ጥገና ተቀጥሮ ከቤቱ የሚነሣ ሰው አብልጦ የሚፈራው ቢላዋውን ነው። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሲያጽናናውም «አይዞህ፤ መርፌ ወግተው ያስተኙሃል፤ የምትሰማው ነገር የለም» ይለዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ አብዛኛውም እውነት ነው። ነገር ግን አንዲት ነገር ተረስታለች። ያው የሚያስተኛው መርፌ ራሱ፤ እንቅልፉ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች፤ ደም ሥሩን እየለበለበ ክንድን ሊያቃጥል ይችላል። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ ያሰብነው የእነዚህን ጥቂት ሴኮንዶች ጉዳይ ነው።

«ሰው ሆዱን ሊቀደድ ተዘጋጅቶ ሳለ ስለ ክንድ ማቃጠል መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

ዛሬ በዓለም ላይ ሕመምተኛን ለማስተኛት በደም ሥር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ፕሮፖፎል የሚባለው ነው። መልኩ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ በውሃ አልሟሟም ስላለ ከአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል ከሚወጣ ቅባት ጋር ተበጥብጦ ይዘጋጃል። ያገኙት ጆን ግሌን የተባሉ፤ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የከብት ሐኪም ናቸው። መድኃኒቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ለገበያ ዋለ፤ እሳቸውም በ2018 ዓ.ም. የላስከርን ሽልማት ተቀብለውበታል። (የከብት ሐኪም ለሰው ልጅ ይህን ያህል መትረፉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።) ፕሮፖፎል ቶሎ ያስተኛል፤ ሲነቁም ራስን ብዙም አያዞርም፤ ማስመለሱም ያነሰ ነው። ከታወቁት ጉድለቶቹ አንዱ ሲገባ ማቃጠሉ ነው።

ስንቱን ያቃጥላል ቢሉ፤ በ2011 በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት 177 ሙከራዎችን፤ ከ25 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉባቸውን፤ ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ምንም ጥንቃቄ ካልተደረገ ከ10 ሰዎች 6ቱ ያህል ሕመም ይሰማቸዋል። ይህ እንግዲህ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱም የደም ሥር ግድግዳ ስሜት ያለው መሆኑ ነው፤ በእጅ ጀርባ ላይ ያለችው ደም ሥር ደግሞ ቀጭን፤ ደሙም በዝግታ የሚሄድባት ስለ ሆነች መድኃኒቱ ከግድግዳዋ ጋር ተጣብቆ ይቆያል።

መፍትሔው ሩቅ አገር የሚያስኬድ አይደለም። ያው ጥናት ከብዙዎቹ ዘዴዎች መካከል ሁለቱን አስቀድሟል። አንደኛው መርፌውን በእጅ ጀርባ ላይ ትቶ በክርን መታጠፊያ በሚገኘው ሰፊ ደም ሥር መስጠት ነው። በሰፊው ደም ሥር ደሙ ፈጥኖ ስለሚያልፍ መድኃኒቱ ወዲያው ይቀጥናል። ይሁን እንጂ ይህ ሥፍራ የራሱ ነገር አለው። ክንድ በታጠፈ ቁጥር ካኑላው ይታጠፋል፤ ከዚያም በላይ ደም ቅዳው ከአጠገቡ ስለሚያልፍ ወጊው ዓይኑም ጣቱም ንቁ መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ዘዴ ለእኛ አገር የተፈጠረ ይመስለናል። ደም ሥር ለመፈለግ በየሐኪም ቤቱ የሚታሰረው ጎማ አለ አይደለም? በዚያው ጎማ ክንዱ ይታሰርና ጥቂት ሊዶካይን በካኑላው ይሰጣል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ጎማው ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ነጩ መድኃኒት ይከተላል። ሊዶካይን ኒልስ ሎፍግሬን የተባሉ የስዊድን የኬሚስትሪ ሊቅ በ1943 የሠሩት፤ ጥርስ ነቃዩም ቁስል ሰፊውም በየዕለቱ የሚጠቀምበት ማደንዘዣ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ግን አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት፤ የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎችም አስቀድሞ ይለያሉ። ጊዜ ያጠረው ባለሙያ ሊዶካይኑን ከፕሮፖፎሉ ጋር ቀላቅሎ ይሰጣል፤ ይህም ይረዳል፤ ነገር ግን ተቀላቅሎ ከቆየ ቅባቱ ስለሚለያይ በሚሰጥበት ሰዓት ብቻ ነው የሚቀላቀለው።

እንግዲህ ወጪው ምንድን ነው? አንዲት ብልቃጥ፤ አንድ ጎማና አንድ ደቂቃ። ከሁሉ የሚወደደው ደቂቃው መሆኑን አናጣውም። በአገራችን ደንብ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ የሰመመን ባለሙያውም ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውላል። ደሟ የሚፈስ ወላድ በአልጋ ላይ ሳለች ጎማ አስረህ ደቂቃ ቁጠር የሚል ሰው ቢኖር እኛም አንሰማውም። በገጠር ሐኪም ቤቶች ለብዙ ዓመታት የታመነው ኬታሚንም ሲሰጥ ደም ሥርን እንዲህ የማያቃጥል በመሆኑ ጥያቄው በዚያ በኩል አይነሣም። የምንናገረው በቀጠሮ ስለሚሠራው፤ ጥዋት ተራውን ጠብቆ ስለሚገባው ሰው ነው። ለእርሱ አንድ ደቂቃ ጠፋ ማለት አያሳምነንም።

የባሰው ችግር ግን ሌላ ነው። የጎጃም ሰው ሕመምን ችሎ ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል። ወጌሻ አጥንቱን ሲጎትት ጥርሱን ነክሶ የሚችል ገበሬ፤ በሐኪም ፊት «አቃጠለኝ» ማለትን ያፍራል። ባለሙያውም ዝምታውን አይቶ አልታመመም ይላል። አንዳንዱ ቢጮህ ደግሞ «ታገሥ፤ አሁን ያልፋል» ይባላል። ይህ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። አንደኛ፤ ክንዱ የተቃጠለው ሰው ነገሩን አስታውሶ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ያ ጎረቤትም የሆድ እብጠቱን ይዞ ሌላ ዓመት ይቀመጣል። ሁለተኛ፤ ጩኸቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ውጭ ፈስሶ፤ ወይም ይባስ ብሎ ደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ የመጀመሪያው መልእክተኛ ይኸው ሕመም ነው። ከ1934 ጀምሮ በዓለም ላይ የተሠራበት ታዮፔንታል የተባለው አስተኚ መድኃኒት በስሕተት ደም ቅዳ ውስጥ ሲገባ ጣትን እስከ ማድረቅ ይደርሳል። ስለዚህ «አቃጠለኝ» የሚለውን ቃል የሰማ እጅ መግፋቱን አቁሞ ካኑላውን መመልከት አለበት።

ስለ ቃል ካነሣን ዘንድ፤ በቦስተን ከተማ ተሠርቶ በ2010 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 140 ወላዶች ጀርባቸው ላይ የማደንዘዣ መርፌ ሲወጉ፤ እኩሌቶቹ «አሁን ትልቅ ንብ እንደ ነደፈሽ ያምሻል፤ ከዚህ ሁሉ የከፋው ይህ ነው» ተባሉ፤ የቀሩት ግን «እናደንዝዝሻለን፤ ከዚያ በኋላ ይመችሻል» ተባሉ። መርፌው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በንብ የተፈሩት የበለጠ ታመሙ። በማር አገር በጎጃም ንብ ምን ያህል እንደሚያም ለማንም አይነገርም፤ የእኛም ሐኪሞች ንቧን በቀፎዋ ቢተዉአት ይበጃል። ይሁንና ማባበል ማለት መዋሸት አይደለም። «ጥቂት ሙቀት ሊሰማዎት ይችላል፤ ወዲያው ይተኛሉ፤ እኔ ከአጠገብዎ ነኝ» ማለት ይበቃል።

ሕመምተኛውም የበኩሉ አለው። ከዚህ ቀደም ሲያስተኙት ክንዱ የተቃጠለበት ሰው፤ በእጁ ጀርባ ያለችው ደም ሥር ብዙ ጊዜ ተወግታ ያበጠችበት ሰው፤ ልቡን የሚያመው ሰው፤ ይህን ሁሉ ከመተኛቱ በፊት፤ የሰመመን ባለሙያው ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ መናገር ይገባዋል። ጥያቄ ካልመጣ ራሱ ይጥራው፤ «ጌታዬ፤ ባለፈው ጊዜ መርፌው ክንዴን ለብልቦኝ ነበርና ምን ይደረግልኛል?» ብሎ ይጠይቀው።