ትራንስፎርመሩ ስንት ምጣድ ይችላል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባለ 400 ኪሎቮልት መስመርም በደብረ ማርቆስ በኩል ያልፋል። ታዲያ በበዓል ዋዜማ ሊጧ ኩፍ ብሎ ምጣዱ አልግል ያላት የደብረ ማርቆስ እናት ምን አጎደለባት? ብዙ ጊዜ የጎደለው ግድቡ ጋ አይደለም፤ ሰፈሯ ምሰሶ ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ባይጫንበት እንኳ የሚችለው 50 ምጣድ ያህል ነው። በአዘቦት ቀን ሁሉም ባንድ ሰዓት ስለማይጥድ ችግሩ አይታይም። በዋዜማ ግን ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ መብራቱም ባንድ ላይ ይመጣሉ።

ከዚያ ነገሩ ራሱን ያባብሳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ይቀንሳል። ቶሎ ጋግሮ ማጥፋት የነበረበት ቤት መስመሩ ላይ ይቆያል፤ በላዩ ሌላው ይጥዳል። መጨረሻው የፊውዝ መበጠስ ወይም የትራንስፎርመር መቃጠል ነው። ያን ጊዜ የጋገረውም ያልጋገረውም እኩል በጨለማ ያድራል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በዓል በመጣ ቁጥር ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ለጊዜው ጭነት እንዲቀንሱ ይጠይቃል። ይህ አገር አቀፉን መስመር ያግዛል። ፋብሪካ የሌለበትን የአንድ ቀበሌ ትራንስፎርመር ግን አያቀልለውም። እዚያ ጭነቱ ራሱ ምጣድ ነው።

ሌላው ዓለም የቤት ውስጥ ፍጆታን በሰዓት ማዘዋወር ከጀመረ ቆይቷል። በፈረንሳይ የውኃ ማሞቂያዎች ሌሊት፣ ዋጋ በሚረክስበት ሰዓት፣ በመስመሩ ላይ በሚላክ ምልክት ይበራሉ። ነገር ግን ማሞቂያ ሰው ተኝቶ ይሠራል፤ ምጣድ ፊት ሰው ይቆማል። የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ሊጡም ካበጠ በኋላ ብዙ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ «ሌሊት ጋግሩ» ብሎ መምከር የትራንስፎርመሩን ሸክም አንሥቶ የእናቶች ጀርባ ላይ መጫን ነው።

የሚያዋጣው ሰዓት ቀን ነው፤ ከጠዋቱ 3 እስከ ከሰዓት 9። ሰው ወደዚያ እንዲሄድ ግን ምክንያት ያስፈልገዋል። የዛሬው የቤት ታሪፍ የሚያየው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተቆጠረ እንጂ መቼ እንደተቆጠረ አይደለም። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የጣደችውም ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የጣደችውም እኩል ይከፍላሉ። በጭነት ሰዓት ላልጣደ ዋጋ ይቀነስለት።

ሁለተኛው መንገድ ተራ ነው። ወንፈልና ዕድር ለጎጃም አዲስ አይደሉም። የአንድ ትራንስፎርመር ተጠቃሚዎች በዕድራቸው በኩል ተስማምተው የዋዜማውን ሰዓት ለሦስት ቢካፈሉት፣ ቀን ሥራ የምትውለዋ የማታውን ብትወስድ፣ ያው ትራንስፎርመር ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል።

«ኃይል ሞልቶ ለምን ተራ እንጠብቃለን?» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የተጨናነቀ ትራንስፎርመር መቀየር አለበት፤ ተራውም ላለመቀየር ሰበብ መሆን የለበትም። ሆኖም ለጥቂት የዋዜማ ሰዓታት ተብሎ የሚተከል ትልቅ ትራንስፎርመር ዓመቱን ሙሉ በግማሽ ጭነት ይቆማል፤ ወጪውም ዞሮ ዞሮ ከደንበኛው ኪስ ይወጣል።

ለመጀመር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ከመጪው በዓል በፊት በደብረ ማርቆስ አንድ ትራንስፎርመር ይመረጥ። ጭነቱ በየሰዓቱ ይለካ፣ ውጤቱ ለሰፈሩ ሰው ይነገር፣ ተራውንም ጋጋሪዎቹ ራሳቸው ያውጡ። ሰዓቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።