ከግራፊን በፊት እቶን

በልደታ ማርያም አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የክፍለ ከተማችን ጎረቤት ነው። ጭኑ የተሰበረ ሰው ሲያጋጥመን «ብረት ገባለት» እንላለን፤ ብረቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሆስፒታሉ ሲያገለግሉ ከኖሩት መካከል ሳይን የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚልከው የማይዝግ ብረት ዘንግ አንዱ ነው። ለጋሹ ምስጋና ይገባዋል። ይሁንና የዜጎቻችን አጥንት በልግስና እየተጠገነ እስከ መቼ ይዘልቃል የሚለው ጥያቄ የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የፖለቲካም ጥያቄ ነው።

መልሱ «ናኖ» ነው የሚሉን አሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። ነገሩ ተስፋ የለውም አልልም። ቲታኒየም ክብደቱ የብረትን 60 በመቶ ያህል ነው፤ አይዝግም፤ የሰው ገላም ይቀበለዋል። ድክመቱ ሲፋተግ ቶሎ መበላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከግራፋይት የተለየው፣ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነው ግራፊን በጥቂቱ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች፣ ሲቀላቀልበት ጥንካሬውንና ፍትጊያን የመቋቋም አቅሙን ሊያሳድግለት ይችላል። ነገር ግን ስስ ገጾቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ ጓል ይሆናሉ፤ ስንጥቅም ከጓሉ ይጀምራል። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ካርቦኑ ከቲታኒየሙ ጋር ተዋህዶ ሌላ ነገር፣ ቲታኒየም ካርባይድ፣ ይሆናል፤ ጥቂቱ ይጠቅማል፣ ብዙው ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ዱቄቱ በሚገባ ተቀላቅሎ፣ አየር በሌለበት እቶን በግፊትና በኤሌክትሪክ ጅረት በደቂቃዎች ውስጥ መጋገር አለበት።

በነገራችን ላይ፣ አጥንት ላይ የሚታሰር ፕሌት እጅግ ግትር ሲሆን ጭነቱን ሁሉ ራሱ ይሸከምና አጥንቱ ሥራ ፈትቶ ይሳሳል። ቲታኒየም የሚመረጠው ግትርነቱ ከማይዝግ ብረት በግማሽ ገደማ ስለሚያንስም ጭምር ነው። ግራፊን ለሁሉም መድኃኒት ነው የሚለን ሰው እንግዲህ አጥንትን አያውቅም፤ ቦታው የሚፋተገው መገጣጠሚያ ነው።

«ማዕድኑ አለን» የሚለው መከራከሪያም አያሳምነኝም። በጊምቢ አካባቢ ቢቂላል ላይ ቲታኒየም የሚወጣበት ኢልሜናይት መኖሩ ይታወቃል። የቀንጢቻ ታንታለምስ? ለዓመታት በጥሬው ወደ ውጭ ተላከ፤ ዋጋ የሚጨምረው ማጣራት የሌላ አገር ሥራ ሆነ። ከመቶ ተማሪ 70ውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የላከው የ70/30 ፖሊሲም መሐንዲስ አበዛልን እንጂ እቶን አላበዛልንም።

መንግሥትን የምጠይቀው ትንሽ ነው፦ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ የጋራ የሚሆን አንድ እቶን፣ ብረት በተደጋጋሚ ጭነት የሚዝልበትን የሚፈትሽ አንድ መሣሪያ፣ ለጥገናና ለመለዋወጫም በየዓመቱ የማይነካ በጀት። የጥቁር አንበሳ የአጥንት ሐኪሞችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመሐንዲሶቹ ጋር ይቀመጡ። የልህቀት ማዕከላት ሲገመገሙ ስንት ጽሑፍ አሳተማችሁ ከመባላቸው በፊት፣ ሚሊዮን ጊዜ ተጭኖበት ያልተሰነጠቀ አንድ ናሙና ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጡ ይጠየቁ።