«ጸልዩለት» ብዬ የጻፍኩት መልእክት

ዛሬ የምንነጋገረው ሥራ የሚፈልግ ሰውና ቤተሰቡ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በሊንክድኢን ላይ ሊያደርጉት ስለሚገባ ጥንቃቄ ነው። ለመምከር የተነሣሁት ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን ተሳስቼ ስለተማርኩ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ስታረግዝ ከቤት ኪራይ የሚተርፈው ገንዘብ አልበቃ አላቸውና ሥራውን ሳይለቅ ሌላ መፈለግ ጀመረ። አንድ እሑድ ቤታችን መጥቶ «እትዬ፣ ሐሙስ ቃለ መጠይቅ አለብኝ፤ ጸልዩልኝ» አለኝ። እኔም በዚያው ማታ በእህቶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሙን ጠቅሼ «ጸልዩለት» ብዬ ጻፍኩ። ከእህቶች አንዷ በቅንነት ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ አደረገችው። እዚያ ደግሞ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነበረች። ረቡዕ አለቃው ጠርቶ «ልትለቀን ነው አሉ» አለው። ታስቦለት የነበረው የደረጃ ዕድገት ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ የሐሙሱም ቃለ መጠይቅ አልተሳካም። የወንድሜ ሚስት ለሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። አልፈረድኩባትም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እርስዋም ይቅር አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ወሬው የማን እንደሆነ እንጠይቅ። የሰውን ጉዳይ ከመጻፋችን በፊት «ልጻፈው?» ብንለው ምን ይጎዳናል? «ሥራ ለሚፈልግ አንድ ወንድም» ብንል ጌታ ስሙን ያውቃል። ቴሌግራም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግሩፕ ባለቤት መልእክት ፎርዋርድ እንዳይደረግ መከልከል እንዲችል አድርጓል። ነገር ግን አንብቦ ለሌላ የሚናገር አፍን የሚከለክል ማስተካከያ የለም።

ሁለተኛ፣ ሊንክድኢን ሥራ እየፈለጋችሁ መሆኑን የምታሳዩበት ምልክት አለው። በፎቶ ዙሪያ የሚወጣውን አረንጓዴ ክብ ሁሉም ያየዋል፤ አለቃችሁም ጭምር። ለሠራተኛ ቀጣሪዎች ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም ድርጅቱ ራሱ ፍጹም ምሥጢራዊነትን እንደማያረጋግጥ ይናገራል። ሥራ ላይ ያላችሁ ይህን አስቡበት።

ሦስተኛ፣ የቆየውን መልሳችሁ እዩ። በንዴት ስለ ቀድሞ አለቃ የተጻፈ፣ በዘርና በፖለቲካ የተሰደበበት ካለ አውርዱት። ፌስቡክ ቀድሞ ለሁሉም ክፍት የነበረውን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ነገር ግን ስክሪን ሹት ያነሣ ሰው ካለ ማጥፋታችን አይመልሰውም። ስለዚህ ከማጥፋት አለመጻፍ ይሻላል።

አራተኛ፣ ሁሉን ዘግቶ መጥፋትም አይጠቅምም። የሠራችሁበት ቦታና ዘመን በሲቪያችሁ ላይ ካለው ጋር ይስማማ። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ኋላ ያሳፍራል።

አምስተኛ፣ «ሥራ አጥቻለሁ» ብላችሁ በአደባባይ ስትጽፉ አታላዮችም ያነቡታል። «መመዝገቢያ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅ፣ የመታወቂያችሁን ፎቶ ላኩ ለሚል ለማታውቁት ሰው አትታለሉ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ሥራ ፈላጊው ብቻውን የሚወጣው ነገር አይደለም። ሚስት በባልዋ ስም ታግ አድርጋ የምትለጥፈው ፎቶ፣ ባልም ስለ ቤቱ ችግር የሚጽፈው ቀልድ ለቀጣሪ ይታያል። አንድ ማታ ልጆች ሲተኙ አብራችሁ ተቀምጡና አንዳችሁ የሌላችሁን ገጽ ተመልከቱ። ምን እንደሚነገር፣ ለማን፣ መቼ እንደሚነገር ተስማሙ። ለእናት፣ ለእህት፣ ለጓደኛም አስታውቁ።

ወንድሜ ከስድስት ወር በኋላ የተሻለ ሥራ አገኘ። ለእኔ የነገረኝ ግን የመጀመሪያ ደመወዙን ከተቀበለ በኋላ ነው። አልተቀየምኩትም። ደስታዬን ደውዬ ገለጽኩለት፤ ግሩፑ ላይ ግን ከመጻፌ በፊት «ልናገር?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «አሁን ንገሪ» አለኝ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።