የሱቁ ኪራይስ?



በአሜሪካ፣ በቨርጂንያ ግዛት፣ በአርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባል ጐዳና አለ፤ ወገኖቻችንም ይኖሩበታል፤ ይነግዱበታል። ጐዳናው ለአውቶሞቢል እንጂ ለእግረኛ የታሰበ አልነበረም፤ ዝቅተኛው ሱቅ ከመኪና ማቆሚያው ኋላ ተደብቆ ይገኛል። (ማቆሚያው ከሱቁ ይሰፋል!)

እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. አስተዳደሩ፣ ሕንፃውን ወደ መንገዱ ዳር አስጠግቶ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ አድርጎ ለሚሠራ ሰው ፈቃዱ ቶሎ እንዲሰጠው ደነገገ። መልካም ሥራ ነው። በ2012 ደግሞ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ተከራዮች እንዳይፈናቀሉ ሌላ ፕላን ጸደቀ። ነገር ግን ይህ ለመኖሪያው ቤት የታሰበ ነው። በአሮጌው ሱቅ በርበሬና እንጀራ የሚሸጠው ሰውዬ ሱቁ በፈረሰ ጊዜ የአዲሱን ሕንፃ ኪራይ ከወዴት ያመጣዋል?

እኛም ዛሬ መንገዶቻችንን በማደስ ላይ ስለሆንን፣ ነባሩ ነጋዴ በሚችለው ኪራይ የሚመለስበት ውል ከሕንፃው ፈቃድ ጋራ አብሮ ይጻፍ ዘንድ የሚመለከታቸውን ክፍሎች በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር