ስልኩ ይታጠፋል፣ ግን ስንት ጊዜ?

የሚታጠፍ ስልክ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የገዢው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ እስከ መቼ ይታጠፋል?

ጥያቄው ከባድ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያውን ጋላክሲ ፎልድ ለገበያ ሲያዘጋጅ፣ ስልኩ በማሽን 200 ሺህ ጊዜ እየታጠፈና እየተዘረጋ እንደሚፈተን ተናግሮ ነበር። በቀን 100 ጊዜ ቢከፈት ከአምስት ዓመት በላይ ማለት እኮ ነው። ሆኖም ቀድመው ለጋዜጠኞች ከተሰጡት ስልኮች አንዳንዶቹ በቀናት ውስጥ ተበላሹ፤ ሽያጩም በወራት ተገፋ። በማጠፊያው ክፍተት የገባ ቆሻሻ ስክሪኑን ከሥር ገፋው። አንዳንዶች ደግሞ የስክሪኑን መከላከያ ተራ ላስቲክ መስሏቸው ላጡት።

ታዲያ መታጠፍ በራሱ ችግር ነው? አይደለም። ወረንጦን ተመልከቱ፦ ብሎን የለው፣ ኩሽኔታ የለው፤ ብረቱ ራሱ እየተጣጠፈ እሾህ ይነቅላል። የሻምፑ ክዳንም የሚከፈተው ስስ በሆነችው የፕላስቲክ መታጠፊያ ነው። የማይታጠፍ ስልክ ቢኖራችሁ እንኳ ውስጡ የሚተጣጠፍ ነገር አለ። ስልኩን ስታዞሩ ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው፣ በጣም ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ በቀጫጭን የሲሊከን ሞላዎች ተንጠልጥላ ስለምትነቃነቅና ሴንሰሩ እንቅስቃሴዋን ስለሚለካ ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። የሚገጣጠም ዕቃ ይቀንሳል፣ ግራሶ አያስፈልግም፣ አንዳንዱንም በስሪዲ ፕሪንተር አንድ ወጥ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። ትልቅ ፋብሪካ ለሌለው ወጣት ፈጣሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ከባዱ ነገር ስሌቱ ነው። መታጠፊያው ሲሳሳ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ሸክም ግን አይችልም። ሲወፍር ይጠነክራል፣ በግድ ሲታጠፍ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። መሐከለኛውን ለማግኘት ሲሙሌሽን ይረዳል፦ ኮምፒውተሩ ዕቃውን በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የትኛው ቦታ ላይ ጫና እንደሚበዛ ያሰላል። እንደ ፍሪካድ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ።

ግን ኮምፒውተር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ብዙ ለሚታጠፍ ዕቃ ለትንሽ መታጠፍ የተሠራውን ቀለል ያለ ስሌት ከመረጣችሁለት፣ የተሳሳተውን መልስ በሚያምር ቀለም ያሳያችኋል። አንድ ጊዜ ታጥፎ ያልተሰበረ ሽቦም ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ድካሙንም ለብቻው ማስላት ይጠይቃል። አቧራን ካልጠየቃችሁት ስለ አቧራ አይነግራችሁም።

ስለዚህ ቀጣዩ ማስታወቂያ «ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ታጥፏል» ሲላችሁ፣ በቁጥሩ ብቻ አትደነቁ። የት ነው የታጠፈው? በምን ያህል ሙቀትና ብርድ? ኪስ ውስጥ ካለው አቧራ ጋር ነው ወይስ ያለሱ? ነገ ራሳችሁ አንድ ነገር ስትሠሩም መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ነው።